ስለት

በአንያንግ የበረዶ ሜዳ፣ ከደረጃው በታች፣
አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፣ የብረት ሽታ የጠጣች።
ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ነው ወንበሬ፤
ቀን ጫማ እስላለሁ፣
ሌት ደግሞ እስላለሁ፣ ብናኙን ደረቴ ላይ ቋጥሬ።

መጀመሪያ ስትመጣ ሰባት ዓመቷ ነበር፤
ጫማዋ የኪራይ፣ ቁጥሩ የማይነበብ፣ ማሰሪያው የሌላ ጫማ ክር።
ጋኡል ነው ስሟ፤ መጸው እንደ ማለት፣
በእኛ አገር ቅጠሉ ሁሉ የሚረግፍበት።
«በዚህ ስም በረዶ ላይ?» ብዬ ሳቅሁ በልቤ፤
ወደቀች፣ ተነሳች፣ ወደቀች፤ ቆጠርኩ ከመስኮቱ ቀርቤ።
አርባ አንድ ላይ ስደርስ ቁጥሩ ጠፋኝ፤
በአርባ ሁለተኛው ይመስለኛል ቀና ብላ ያየችኝ።

እናቷ፣ ወይዘሮ ታክ፣ ከገበያው መግቢያ
ኪምቺ ትሸጣለች፣ ደግሞም የአኩሪ አተር ቡቃያ።
እጇ በጨው እንደተላጠ ግዋናክ ተራራ ወጣች፣
ከቡድሃው ፊት ቆማ ተሳለች፤
«ልጄ ብሔራዊ ቡድን ትግባልኝ እንጂ» አለች፣
«መቶ ስምንት ጊዜ እሰግዳለሁ» አለች።
እናቲቱ ተሳለች፣ የልጂቱ ጫማ ተሳለ፤
በሁለት ስለት ላይ መቆም ማን ቀላል ነው አለ?

በአሥራ ሁለት ዓመቷ አምስቱንም ዝላይ ሦስት ሦስቴ ዞረች፤
ፎቶዋ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ እናት ቆርጣ ፍሪጁ ላይ ለጠፈች።
እኔ ግን ግራ ጫማዋን ገልብጬ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩ፤
የውስጡ ስለት ቶሎ አልቋል፤ ምስጢሩ ላይ ያኔ ደረስኩ።
ሉትዝ የሚሉት ዝላይ ከውጭው ስለት ነው የሚነሳ፤
የሷ ቁርጭምጭሚት ግን
በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ውስጥ የሚሸሽ፣ ቃሉን የሚረሳ።
አልነገርኳትም። አሰልጣኟ ያውቃሉ ብዬ።
(ዛሬም ይቆረቁረኛል፣ እንደ ብናኙ፣ እዚህ፣ ከጉሮሮዬ።)

ከዚያ አሥራ አራት ሆናት። በአንድ የዝናብ ወቅት ስምንት ሴንቲሜትር አደገች፤
ስትዘል አየሩ አላወቃትም፤ አየር ላይ ራሷን አጣች።
እግሯ አጥንት ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፤
ሰባት ወር ሙሉ ጫማዋ እኔ ጋ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ሲጠብቅ።
ሌሎቹ አለፏት። በረዶ ማንንም አይጠብቅም፤
ማሽኑ በየሰዓቱ ይመጣል፣ የማንንም ዱካ አይተውም።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር፣ በሬን ስታንኳኳ።
«አጎቴ፣ የውጩን ይሳሉልኝ፤ ጠለቅ ይበል» አለች፣ እያንከሰች ገና።
ማን ነገራት? ራሷ ደረሰችበት? አልጠየቅሁም፤
ድንጋዩን አስነሳሁ፤ ብልጭታው ፊቷን አበራው፤ ዓይኗን አልጨፈነችም።

ኡጆንግቡ። ብሔራዊ ውድድር። ጥር።
በእረፍት ቀኔ ሄድሁ፣ ከመጨረሻው ወንበር።
ባለ ሁለት ክሩ ሄገም ሲያለቅስ፣ ወደ ጥጉ በጀርባዋ ተንሸራተተች፤
ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውጭ፣
ቆየ፣
ቆየ፣
ከዚያ ተነሳች።
ሦስቴ ዞራ ስትወርድ፣ ከጭብጨባው ሁሉ ቀድሞ
የሰማሁት ስለቱን ነው፣ በረዶውን ሲስለው፣ አንድ ረጅም መስመር አጋድሞ።

አምስተኛ ወጣች።
ቡድኑ የሚወስደው ሦስት ነው።

በሳምንቱ ወይዘሮ ታክ አንድ ማሰሮ ኪምቺ ይዛ መጣች፣ ጉልበቷን እያሻሸች።
ግዋናክ ወጥታ መቶ ስምንቱን ሰግዳ ኖሯል፣ አንድም ሳታጎድል ቆጥራ።
«ምነው? ስለትሽ መች ደረሰና?» አልኳት።
«ልጄ ስምንት ዓመት ስትወድቅ ስትነሳ አይቻለሁ» አለች፤
«እኔስ አንድ ጠዋት ብወድቅ ብነሳ?»

ጫማው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ማሰሪያው ገና እርጥብ።
የውስጡና የውጩ እኩል አልቀዋል።
ነገ ጠዋት ትፈልገዋለች።
እስላለሁ።